ጣሪያው ላይ ያለው ጀሪካን

ያ አሮጌ ሎደር ከሚያቃጥለው ናፍጣ የሚያፈሰው ይበልጥ ነበር። የነዳጅ ታንከሩ ሥሩ ዝጎ ተበልቷል። ሾፌሩ ባምላኩ ክረምቱን ሙሉ ሳሙና እየለደፈ፣ ጨርቅ እየወተፈ ሲያባብለው ከረመ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የባሕር ዛፍ ደን ግንድ አንሥቶ መኪና ላይ የሚጭን ሌላ ማሽን የለም፤ እሱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። በመጨረሻ ሳሙናውም አልይዝ ሲል ከፍኖተ ሰላም ቸኮለን አስጠራው።

ቸኮለ መካኒክ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ግን ምን አይተው እንደሆነ እንጃ። እንደ እሱ ዝግ ያለ ሰው በጎጃም ምድር አልተፈጠረም። አንዲት ቡለን ለመፍታት ዙሪያዋን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ ነው። ይቀልዱበታል፣ ይሰድቡታል፣ ከዚያ ተመልሰው እሱኑ ይጠራሉ፤ እሱ ያሰረው አይላላማ። ከባምላኩ ጋር በአንድ የኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ያን ዕለት ማለዳ ከአንድ የሞተ ማሽን ላይ ያወለቀውን ደህና ታንከር አይሱዙ ላይ ጭኖ መጣለት።

ሎደሩ የቆመው ተዳፋት ላይ፣ ከግንዱ ክምር ሥር ነበር። እዚያ ላይ ታንከር አይፈታም። ስለዚህ ቸኮለ አንድ ቢጫ ጀሪካን ናፍጣ የጋቢናው ጣሪያ ላይ በገመድ አሰረና ቱቦ ወደ ሞተሩ አወረደ፤ ጀሪካኑ ከፍ ካላለ ናፍጣው አይወርድም። ባምላኩ በዚህ ዘዴ ማሽኑን ሜዳው ላይ አወጣው። ቸኮለም ጀሪካኑን አውርዶ መሬት አስቀመጠና ከማሽኑ ሥር በጀርባው ተኝቶ ያረጀውን ታንከር መፍታት ያዘ።

ጥቂት ቆይቶ የባምላኩ ሚስት ቻይነሽ ከጠበል ስትመለስ ጎራ አለች። ባሏን ወገቡን ካመመው ሰንብቷል፤ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ጠበል ይዛለታለች። ጠበል መሬት አይቀመጥም። የምትሰቅልበት ቅርንጫፍ ፈልጋ ዞር ዞር ብትል በአካባቢው ያለው ዛፍ ሁሉ ተቆርጧል።

«ወዲህ በይው» አለ ባምላኩ፤ ተቀበላትና ጣሪያው ላይ፣ እዚያው ገመድ ውስጥ አስገባው። ቸኮለ ከሥር ሆኖ ድምፃቸውን ሰማ እንጂ አላየም።

አዲሱ ታንከር ለማንሣት ከበደ። «አንድ አጠና አምጣልኝ፣ ከሥር ደግፈን እንሰረው» አለ ቸኮለ። ባምላኩ ወደ ክምሩ ሄደ። ያንን ክምር እስከዚያች ሰዓት ደግፎ ያቆመው ሎደሩ እንደነበረ አንዳቸውም አላሰቡም። ከሥር አጠናውን ሲመዘው ክምሩ ተናደ።

ቸኮለ ከማሽኑ ሥር ሲወጣ ባምላኩ ከጭኑ በታች አይታይም። ትልቁ ግንድ ተኝቶበታል፣ በእሱ ላይ ሌላ ተጋድሟል። ደኑ ውስጥ የነበሩ እንጨት ቆራጮች ተሯሩጠው በአጠና ሊፈነቅሉት ቢሞክሩ የላይኛው ወደ ደረቱ ተንሸራተተ። «ተዉት! ተዉት!» ብላ ቻይነሽ ጮኸች። ያንን ማንሣት የሚችል ሎደሩ ብቻ ነው፤ ሎደሩ ደግሞ ታንከር የለውም።

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ ቸኮለ።

ቀና ሲል ጀሪካኑ ጣሪያው ላይ፣ ገመዱ ውስጥ ነው። ራሱ አውርዶት እንደነበር ከነጭራሹ ጠፋበት። ቱቦውን ሰካ፣ በእጅ ፓምፑ ሳበ። ፊቱም ልብሱም ናፍጣ በናፍጣ ሆኖ ሳለ ምን ሊሸተው! ሞተሩ በማጣሪያው ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ተነሣ። ቸኮለ ዘሎ ወጥቶ ነዳው፤ የላይኛውን ግንድ አንሥቶ ወዲያ ጣለ። ትልቁን ጨብጦ ትንሽ ከፍ እንዳደረገው ግን ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ጠፋ። ግንዱ ቀስ እያለ ተመልሶ ባምላኩ ላይ ተኛ። ባምላኩ የጮኸው ያኔ ነው፤ ያንን ጩኸት የሰማ ሰው ዳግመኛ እንቅልፍ አይወስደውም።

ቸኮለ ቁልፉን አዞረ። እምቢ። ደግሞ አዞረ። አየር ገብቶ ነው ብሎ ወርዶ ማስተንፈሻውን ፈታ፣ እንደገና አሰረ። «አንተ ብረት፣ ስለ እናቱ!» እያለ ሞተሩን በጡጫ መታው። የባትሪው ድምፅ እየደከመ መጣ።

«ቻይኔ፣ ጠማኝ» አለ ባምላኩ። «ጠበሌን አቅምሽኝ።»

ቻይነሽ ዞር ስትል ቢጫው ጀሪካን መሬት ላይ ተቀምጧል። ማን አወረደው ብላ ለመቆጣት እንኳ ጊዜ አልነበራትም። በመዳፏ ቀድታ አፉ ውስጥ ጨመረችለት። ባምላኩን አነቀው፤ ተፋው።

«ናፍጣ ነው» አለ።

እሷ መዳፏን አሸተተች። «አያ ቸኮለ! ጠበሌን የት አደረሱት?»

ቸኮለ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ቱቦው የገባበትን ጀሪካን አየው። በገዛ እጁ ሞተሩን ውሃ አጠጥቶታል።

ባምላኩም ገባው። ከየኔታ ዘንድ ቅኔ የተማረ ነው፤ ነገር አያመልጠውም። ከግንዱ ሥር ሆኖ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ «ቸኮሌ» አለ፤ «ማሽኑ ጠበል ጠጣ፣ እኔ ናፍጣ ጠጣሁ። ማናችን እንድን ይሆን?»

ቸኮለ እያለቀሰ ማጣሪያውን ፈታ፣ ውሃውን ደፋ፣ የናፍጣውን ጀሪካን ጣሪያው ላይ ሰቀለ፣ ፓምፑን እጁ እስኪዝል ሳበ። የማጣሪያው ቡለን ከጣቱ እያመለጠች ሣር ውስጥ ትገባለች፤ እየዳበሰ ያወጣታል። ከኋላው የባምላኩ ድምፅ እየቀጠነ ይሰማው ነበር፤ በኋላ ግን አልተሰማውም።

በመጨረሻ ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሣ። ግንዱ ተነሣ። ባምላኩን ጎትተው አወጡት፤ ግንዱ ሲነሣለት ግን ታፍኖ የቆየው ደም ገነፈለ። ጭኑን በቻይነሽ ነጠላ አስረው አይሱዙው ላይ ጫኑት። ቻይነሽ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ የተረፈችውን ጠበል ግንባሩ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ አፈሰሰችለት። ጠበሉ ላይ የናፍጣ ጠብታ እንደ ዓይን ተንሳፍፎ ነበር፤ ቱቦው የነካው ነው። እሷ አላየችውም፤ ቸኮለ ግን አየ። አስፋልቱ ላይ እንደወጡ፣ የቡሬ ቆርቆሮዎች ከሩቅ ሲያብረቀርቁ፣ ባምላኩ አረፈ።

ቸኮለ መሣሪያዎቹን ሊሰበስብ የተመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከሩቅ አንድ ድምፅ ሰማና በእግሩ የመጣበት መንገድ ላይ ቆመ። ሎደሩ እየሠራ ነበር። ማንም አላጠፋውም፤ ደፍሮ የቀረበውም የለም። ያንኑ ግንድ ወደ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ሳያስል፣ ሳያስነጥስ ይሠራል። በዚያ ክረምት እንዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም።

ወጥቶ የባምላኩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግንዱን ቀስ አድርጎ አወረደው፣ መሬት እስኪነካ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። እጁን ቁልፉ ላይ አደረገ።

«አንተ ዳንክ» አለው ማሽኑን።

ቁልፉን ለማዞር አልቸኮለም።