ካባ የለበሰው ደወል

ሳይጠሩት የሚሰማ፣ ሳይቀሰቅሱት የነቃ፣ ያለ መብራት ሁሉን በየስፍራው የሚያይ አምላክ ስሙ ይክበር ይመስገንና፣ ደግሞስ የት ይሄዳል፣ ደወል እግር የለው፣ ይላሉ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ለራሳቸው፣ ከደብረ ብርሃን ስልክ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ የኅዳር ውርጭ በበሩ ሥር እንደ ድመት እየገባ እግራቸውን ይልሳል፣ ነገ ዋዜማ ነው፣ ከነገ ወዲያ ቅዱስ ሚካኤል፣ ደወሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ሾፌሩ ደምመላሽም የጭነት መኪናውን ከባቡር ጣቢያው በር አቁሞ ይጠብቃል፣ እስከ ቀትር ብቻ ነው የኔታ፣ ከቀትር ወዲያ ወደ ደሴ ስሚንቶዬን ይዤ ውልቅ ነው፣ እኔም ሆድ አለኝ ብሏል፣ ከዚህ ወዲያ እስከ አንኮበር የሚያደርሱት በቅሎዎችም ተጭነው ለመሄድ ቆመዋል፣ ደወሉ ግን የለም። አለ እንጂ። አለ፣ ከጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ግን አይወጣም፣ ይህን የሰማ ምን ይላል።

የኔታ፣ መስመሩ ተይዟል፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ትላለች ስልከኛዋ እናናየሁ፣ ማን ያዘው ልጄ፣ የጫጫ እህል ነጋዴ ነው፣ በገብስ ዋጋ ይከራከራል። ገብስ! የመልአኩ ደወል ቆሞ ገብስ ይቅደም፣ ይሁን፣ ገብስም የእርሱ ፍጥረት ነው።

እትዬ ወለተሐናን ግን ምን ይሏታል። ታላቅ እህታቸው ናት፣ ከገደሉ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ትኖራለች፣ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ቀንና ሌሊቱን፣ ቅዳሴና ማኅሌቱን የምትለየው በጆሮዋ ነው፣ የደብራቸው ደወል ደግሞ ከጥድ ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ፣ ደግ ድንጋይ፣ ቀደምት አባቶች ድምፁን ሰምተው የመረጡት፣ ነገር ግን የአንኮበር ጉም ሲወርድ ይውጠዋል፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ በሚካኤል ሳትሰማ ቀርታ በምርኩዟ እየዳበሰች ስትደርስ ሕዝቡ ጠበል ጸዲቅ ይቀምሳል፣ ከደጀ ሰላሙ ቆማ፣ ኃይሌ፣ መልአኩስ ይሰማኛል፣ እኔ ግን እናንተን አልሰማችሁም አለች፣ እየሳቀች፣ ሳቋ ነው ያንገበገባቸው፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር፣ በዚያው ትኩሳት ማሉ፣ ለሚመጣው ሚካኤል ከቤትሽ ደጃፍ ሆነሽ ካልሰማሽ እኔም ማኅሌት አልመራም ብለው፣ ደወሉንም ከባሕር ማዶ አዘዙ። ኧረ ለመሪጌታ መሐላ ምን ይበጀዋል፣ ማኅሌት ሳይመሩ ለሚካኤል ምን ሊሠሩ ነው፣ ከውጭ ቆመው በቅሎ ሊጠብቁ?

ጥፋቱ የማሽኑ ነው። የዚያ መብራታም ሰሌዳ፣ ልጃቸው ብርሃነ መስቀል በባቡር ጣቢያው የተሾመበት፣ ባለፈው ፋሲካ ለደብሩ ካህናት ሊያስረዳ ብሎ የተቆላ ሽምብራ በትሪ ላይ ደረደረ፣ ይኸውላችሁ አባቶቼ፣ እያንዳንዷ ሽምብራ አንድ ፉርጎ ናት፣ ባቡሩ የሚጎትተው የዕቃ ሠረገላ፣ ቀድሞ አንድ ሰው በሐዲዱ መካከል እየዞረ በጠመኔ ምልክት ሲያደርግባቸው ይውል ነበር፣ ዝናብ ጠመኔውን ካጠበው ፉርጎው ጠፋ ማለት ነው፣ አሁን ግን ሲያልፍበት ራሱ ሐዲዱ ይናገራል፣ በሰሌዳዬ ላይ አምፑል ይበራል፣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሐዲዱ ይታጠፋል፣ ፉርጎው ከዳገቱ ይለቀቃል፣ የሚገፋው የለ፣ የሚነዳው የለ፣ ብቻውን ተንከባልሎ ከማራገፊያው ይደርሳል። አንድም አይጠፋባችሁ? አሉ አባ ወልደአረጋይ፣ አንድም አይጠፋ አባ፣ እንግዲያስ እዚህ ጥግ የነበረችው የት ገባች፣ ሁሉም ወደ ትሪው ቢያጎነብሱ ሽምብራዋ የለችም፣ አባ ወልደአረጋይ ያኝካሉ።

የኔታ ብቻዎን ምን ያስቅዎታል፣ ፉርጎ የበላ ቄስ ትዝ ብሎኝ ነው ልጄ፣ እንዴ፣ በጾም? አይ፣ በፋሲካ ነው፣ ተፈቅዶለታል።

ይያዙ የኔታ፣ ይያዙ፣ አዲስ አበባ ገባልዎ!

ቀፎው ይበርዳል፣ በቀኝ ጆሮ ነው በግራ፣ አባባ፣ አባባ ይሰሙኛል፣ ይላል ብርሃነ መስቀል፣ እሰማሃለሁ፣ አትጩኽ፣ እያሉ ራሳቸው ስልክ ቤቱን ያናጉታል፣ ፉርጎው አልጠፋም አባባ፣ ከዳገቱ ጫፍ ከእኔ ጎጆ አጠገብ ቆሟል፣ አምፑሉ ከትናንት ጀምሮ እንደበራ ነው፣ ታዲያ ቁልፉን ተጫነዋ፣ ልጫን ስል ሠራተኞቹ ከሐዲዱ ላይ ይቆሙብኛል፣ ስለ ምን፣ ታቦት አለበት ይላሉ።

ታቦት።

በሩን ከፍተው ሲመለከቱ፣ አባባ፣ ቀይ ከፋይ፣ የወርቅ ጥልፍ፣ መስቀል ያለበት መጎናጸፊያ፣ ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰገዱ፣ አንዱ ጃንጥላ ዘርግቷል፣ ሻይ ሻጯ እልል ብላ ስለት ተስላለች፣ ደወል ነው ብላቸው አንተ ፈረንጅ ያስተማረህ ዝም በል አሉኝ፣ አለቃቸው ወልደጻድቅ የሚባል የሰላ ድንጋይ ተወላጅ ነው፣ ታቦት በካህን ራስ ላይ እንጂ በቁልፍ አይሄድም፣ ብቻውን ከዳገት ሲንከባለል ከማይ እኔን ይለፍብኝ ብሎ ከሐዲዱ ላይ ተቀምጧል።

መጎናጸፊያው። አቤቱ፣ መጎናጸፊያው! ከዕቃ ቤት ማን አወጣው፣ እኔ፣ ያረጀ የታቦት ልብስ ከዕቃ ቤት እንዳይወጣ፣ ለሌላ እንዳይውል ለደቀ መዛሙርቱ ሳስተምር የኖርሁ እኔ፣ ነጋዴው ገብረአብ ደወሉን ሊቀበል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በእጁ ያስያዝሁት እኔ፣ እንዳይፋቅ ብዬ፣ ውሸት፣ እንዲያምርበት ነው፣ ሙሽራዬን በጆንያ ላስመጣት ነወይ ብዬ፣ እትዬ ወለተሐና ጥልፉን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ኃይሌ፣ ደወልን ካባ ካለበስኸው ማን ደወል ይለዋል አላለችም፣ ብላለች፣ ዓይን የሌላት አየችው፣ ሁለት ዓይን ያለኝ ሣቅሁባት፣ ማሽኑማ ምን በደለ፣ አለ ያለው አለ፣ እዚህ ነው ያለው እዚያው ነው፣ ምን እንደ ለበሰ አልተጠየቀ።

ሰውዬውን አቅርብልኝ።

ሃሎ፣ ማን ልበል፣ የአንኮበር መሪጌታ ነኝ፣ በስልክ ሁሉም መሪጌታ ነው አባቴ፣ ትናንት አንዱ ሚኒስትር ነኝ ብሎኝ ነበር፣ አንተ የማን ልጅ ነህ፣ የአለቃ ገብረ ጻድቅ የልጅ ልጅ፣ የሰላ ድንጋዩ? ድጓ ያስተማሩኝ እርሳቸው አይደሉም፣ ዜማ የሰበርን እንደሆነ የእኛን ትተው የራሳቸውን ጆሮ ይቆነጥጡ የነበሩት፣ ሽቦው ይንጫጫል፣ ከዚያ የዚያው ሰው ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ የኔታ ይፍቱኝ። እግዚአብሔር ይፍታህ።

ልጄ፣ ደወል ነው፣ የማይገባውን ልብስ ያለበስሁት እኔ ነኝ፣ ሲሉት ስልክ ቤቱ ይሰማል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል፣ ይስማ፣ የኔታ፣ ባይሆንስ፣ እጄ ቢደርቅስ፣ አንተ ሥራህ ምንድን ነው፣ መንኮራኩር በመዶሻ እየመታሁ የተሰነጠቀውን ከደኅናው መለየት፣ በምን ትለየዋለህ፣ በጆሮዬ ነዋ፣ እንግዲያስ ልብሱን ብርሃነ መስቀል ይግለጠው፣ ዲያቆን ነው፣ ብረት ከሆነ አንተ በመዶሻህ ዝቅ አድርገህ ንካው፣ በደል ቢሆን በእኔ ይቆጠር፣ በመሪጌትነቴ።

ልጁ ቀፎውን በመስኮት አውጥቶት ይሆናል፣ ነፋስ ይሰማል፣ ሳል፣ እግር፣ አንድ ሰው አባታችን ሆይ ይደግማል፣ የእርሳቸውም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ተሰንጥቆ ቢሆንስ፣ በባሕር ላይ ተሰንጥቆ እንደ ሸክላ ቢንቋቋ፣ እንግዲያ ማን፣

ደንንንን።

እናናየሁ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ታርቃለች፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያማትባል፣ ከወዴት እንደ ገባ የማይታወቅ የጫጫው ነጋዴ ድምፅ፣ ኧረ ማነው፣ በገብሱ ስንስማማ ደወል የሚደውልብን፣ ይላል፣ መሪጌታ ግን አይሰሙትም፣ ድምፁ ገና በጆሯቸው ውስጥ ይዞራል፣ ረጅም፣ ጥልቅ፣ የከበደ፣ ይህ ገደል ይሻገራል፣ ይህስ ጉም አይውጠውም። ደኅና ነው የኔታ! ይላል ወልደጻድቅ እየጮኸ፣ ስንጥቅ አልነካውም፣ እኔ ምስክር!

እልልታ። ከዚያ የልጃቸው ድምፅ፣ ተጫንሁ አባባ፣ ተለቀቀ፣ የመጀመሪያው አምፑል ጠፋ፣ ቀጣዩ በራ፣ አሁን ከመታጠፊያው ላይ ነው፣ በራ፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሽምብራዋን ያያሉ፣ በትሪው ላይ ትንከባለላለች፣ አባ ወልደአረጋይ እጅዎን ይሰብስቡ፣ ደግሞ ልጁ መሣቅ ይጀምራል፣ ምነው፣ ወልደጻድቅ ነው አባባ፣ ያንን ጃንጥላ ተቀብሎ እንደ ዘረጋው፣ ደወልም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ብቻውን አይሄድም ብሎ ከፉርጎው ጎን ለጎን ይሮጣል! ያሩጠው፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ይሩጥ።

ደረሰ። የደምመላሽ ጥሩምባ ሁለቴ ይጮኻል፣ ሾፌር ባይሆን ደኅና መለከት ነፊ ይወጣው ነበር፣ ከእንግዲህስ ልጄ፣ በሰሌዳህ ይታይሃል፣ አይታየኝም አባባ፣ ከማራገፊያው ወዲያ የእኔ አምፑል የለም፣ ከዚያ በኋላ የእናንተ ነው።

የእኛ ነው። ከስልክ ቤቱ ይወጣሉ፣ ውርጩ ቀልጧል፣ ፀሐዩ በሣሩ ላይ፣ ማታ መኪናው ይደርሳል፣ ጎሕ ሲቀድ በቅሎዎቹ፣ መጎናጸፊያውን አጥፎ ወደ ዕቃ ቤቱ፣ ንስሐውን ለነፍስ አባት፣ ደወሉን ግን ባዶውን፣ ዕራቁቱን፣ ብረት ሆኖ፣ ከጥዱ ላይ፣ ከድንጋዩ ጎን፣ ድንጋዩም ይቆይ፣ አርጅቷል እንጂ አልበደለም፣ እትዬ ወለተሐናም ከደጃፏ ቆማ ፊቷን ወደ ማዶ ትመልሳለች፣ ትሰማለች፣ ትሥቃለች፣ ማኅሌቱም ሲያልቅ መጥታ፣ ኃይሌ፣ ካባውን ሲያወልቅ እንዴት ያምርበታል ትላለች፣ ትበል፣ ትበል እንጂ፣ እርሷ ሰምታ ትበል።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ የጠበቃችሁት ከዳገት ጫፍ አይቅርባችሁ፣ ብቻውን ሲመጣም ጃንጥላ ይዞ አብሮት የሚሮጥ አይታጣ፣ ከማዶ ያለው ወገናችሁ ድምፃችሁን ይስማ፣ እናንተም የእርሱን፣ አሜን።