የተቀበረው ሰሊጥ

ፈይሩዝን ሐብሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ጥቂት ነው፤ "የኮሮናዋ ልጅ" ነው የሚሏት። ሥራዋ ሰሊጥን የሚያጠወልገውን ፈንገስ በዘረመሉ መለየት ነው። ማሽኑ ግን ሰው ሁሉ በኮሮና ጊዜ የሰማው ዓይነት ስለሆነ፣ መርሳ ገበያ ስትወጣ "ሰሊጡም አስነጠሰው እንዴ?" የማይላት ነጋዴ የለም።

ጦርነቱ ማሽኑን ነቅሎት ሄደ። እሷ ስትሸሽ ያተረፈችው፣ ያን ፈንገስ ከሌላው ለይቶ የሚያሳየውን የምርመራ ቅመም ብቻ ነበር። ደረቅ ስለሆነ ሙቀት አይገድለውም። ብልቃጡን እንደ ሳንቲም በሻሿ ጫፍ ቋጥራው ወጣች።

በሰኔ፣ እሷ ከሽሽት ተመልሳ መሬቱም ታርሶ ሲያበቃ፣ ሰፈሩ የሚዘራው ሰሊጥ አልነበረውም። ታጣቂው ጎተራውን ሁሉ አራቁቶታል፤ ከአጎቷ ከሼህ ጀብሪል በቀር። እሳቸው ዘራቸውን በጆንያ አድርገው ማሳቸው ውስጥ ቀብረው፣ በሰደፍ ሲደበደቡ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። እዚያ አገር ዘር የለመነ ባዶ እጁን አይሸኝም። ስለዚህ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሊያካፍሉ ቃል ገቡ።

ፈይሩዝ ልትጠይቃቸው ሄዳ ጉድጓዱን አየች። አፉ በሰሊጥ አገዳ ተደፍኖ ነበር። አንዱን አንስታ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ጠቁሯል። ያ ፈንገስ የገባበት አገዳ እንዲህ ነው የሚሆነው።

"አጎቴ፣ ይኼን አገዳ ከየት አመጡት?"

"ከዚሁ ከማሳው ነዋ። ጠውልጎ የደረቀውን ነቅዬ ደፈንኩበት፤ ማን ይጠረጥራል ብዬ።"

"በሽታውን ከዘሩ ጋር አስተኝተውታላ! ሳይመረመር ለማንም አይስጡ።"

ሼሁ ደማቸው ፈላ። "ጠብመንጃ ያልወሰደብኝን አንቺ ልትወስጂብኝ? ሰው ምን ይለኛል?"

"የፈለገውን ይበል! በሽታው ካለበት የወሰደው ሰው ሁሉ መሬቱ ይበከላል፤ ለዓመታት ሰሊጥ አያበቅልም።"

"እስከ ጁምዓ" አሉ። "ከዚያ ወዲያ አልሰማሽም።"

ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ ዘግና በአይሱዙ ደሴ ገባች። ኮሮና የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ኃላፊው ሳቀባት። "ይኼ እኮ የሰው ማሽን ነው።"

"ሰሊጡንስ የሚበላው ማን ሆነና?" ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። ቢለማመጧትም ቢቆጧትም አልተነሳችም። ሲሰለቻቸው አስገቧት።

ሻሿን ፈትታ ቅመሙን ጨመረች። ለማነጻጸሪያ ያስገባችው ንጹሕ ውሃ በማሽኑ መስኮት ላይ መስመሩ ተጋድሞ ቀረ። የጆንያዎቹ ግን አንድ ሳይቀር ሽቅብ ወጣ። በሽታው አለ። ምነው በተሳሳትኩ ብላ አለቀሰች።

ዓርብ ግቢው ከረጢት በያዘ ሰው ሞልቷል። ፈይሩዝ መሀል ገብታ ያየችውን ተናገረች።

አሚና የምትባል መበለት ጮኸችባት። "ምን ልዝራ ታዲያ? ማሽንሽን?"

"ማሽላ ዝሪ፤ እሱን ይኼ በሽታ አይነካውም። ሰሊጡ ለመብል አይጎዳም፤ መሬት ግን እንዳይነካ። የጠላኝ ይጥላኝ፤ ስትዘሩት ቆሜ አላይም!"

ግቢው ተንጫጫ። አንዳንዱ ጆንያ መፍታት ጀመረ። ሼህ ጀብሪል ከመደባቸው ተነስተው ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። የተሰበረ ክንዳቸው ገና አልጠናም።

"ዘር ብዬ ነበር የጠራኋችሁ" አሉ። "ዘር የለኝም። ነገ መርሳ መጭመቂያ ቤት እወስደዋለሁ፤ ሁላችሁም ዘይት ትካፈላላችሁ።"

"ተደብድበው ያቆዩትን?" አለች አሚና።

"አዎ! ደብዳቢ ያላስጣለኝን እኔው በገዛ እጄ አስጨምቀዋለሁ። ወላሂ፣ ማንም አላዘዘኝም!"