የብሪጀር ገጽ

«ጃኒል፣ ልጄ፣ አበባ አድርጊና ከሥሩ ስሙን ጻፊ፤ በቃ። ሰው ለደስታ የሚገልጠው መጽሐፍ ነው፣ ቱቦ አታሳዪው» ብለው የባሌ አክስት አርቪላ ስልኩን ዘጉብኝ።

ደሜ ፈላ! እኛ ዮርገንሰኖች ማንታይ ከተማ በተሰባሰብን ቁጥር የቤተሰብ መጽሐፍ እናሳትማለን፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ገጽ አለው። ፈረስ ላይ የወጣውም፣ ጥርሱ የወለቀውም ፊቱ ይታያል። የኔ ብሪጀር ግን ሆስፒታል ተወልዶ እዚያው ስለሞተ አበባ ይሁን! መጽሐፉን የሚያዘጋጁት አክስት አርቪላ ስለሆኑ ደፍሮ «ለምን?» የሚላቸው የለም። እኔ ግን እላለሁ።

ደህና የወጣ ፎቶ ያለኝ አንድ ነው። አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ጉንጩ ላይ ቱቦውን የያዘ ፕላስተር፣ ከኋላው የማሽን መዓት። ባሌ ዳሪን ያነሳውን የአልፋልፋ ሣር ማሳችንን ፎቶ በማሽኖቹ ቦታ አስገብቼ፣ ልጄን አንድም ቀን ያላየው ሜዳ ውስጥ ላስተኛው ቆረጥኩ።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች ፎቶ ለማስተካከል ላፕቶፓችንን ይዘን ጎረቤቴ ሼሊስ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ቀን ማሽኖቹን በፕሮግራሙ ላጲስ ልፍቅ ስል ሼሊስ እጄን ቀብ አደረገችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይ! ላጲስ የበላው አይመለስም። ማስክ የሚሉትን ሽፋን አልብሺው። ማስኩን በጥቁር ስትቀቢው ፎቶውን ይደብቃል፣ በነጭ ስትቀቢው ይገልጣል። ከሥር ምንም አይጠፋም።»

ገባኝ ብዬ ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ማስኩን ሳልመርጥ ፎቶውን ራሱን ቀብቼው ኖሯል። የልጄ ግንባር ጥላሸት መሰለ። እሪ አልኩ። ሼሊስ እየሳቀች ፎቶውን ወደነበረበት መለሰችልኝ፤ «ይሄንን ያልሠራች እዚህ ቤት የለችም» አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ በኋላ ማስኩ ላይ መሆኔን ሳላረጋግጥ ብሩሽ ነክቼ አላውቅም።

ገጹ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ፣ የመጨረሻው ሐሙስ ላይ ሜዳው ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ጋር ጥሩ አድርጎ ተዋሃደልኝ። ለራት የጣድነውን ድንች ከምድጃ ላወጣ ወደ ላይ ወጣሁ። ስመለስ ሴቶቹ ወንበሬን ከበው «ውይ፣ ሲያምር!» ይላሉ።

አየሁት። ቱቦ የለም፣ ፕላስተር የለም። የተኛ፣ ጉንጩ የሞላ ቆንጆ ሕፃን።

«ይሄ ማነው?» አልኩ።

ሼሊስ ፊቷ ቀላ። «አክስትሽ እንዳይከለክሉሽ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ እናት።»

«ሼሊስ፣ እኔ ልጄን የሳምኩት በፕላስተሩ ዳር ዳር ነው። ያለ ፕላስተር አይቼው አላውቅም። ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«አልፈቅኩትም! ቆዳ ከላይ ደረብኩበት እንጂ ከሥር አለልሽ» አለች፤ እንባዋ መጥቷል። ማውሱን ሰጠችኝ። የደረበችውን ቆዳ ማስክ በጥቁር ቀባሁት። ቀስ እያለ ፕላስተሩ ወጣ፣ ከዚያ ቱቦው። አለቀስኩ፤ እጄ ግን አልቆመም።

ጠዋት ገጹን አትሜ፣ ላፕቶፔንም ይዤ አክስት አርቪላ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤት የኮክ ፍሬ በጠርሙስ እያሸጉ ነበር። ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ይሄ ካልገባ የኔንም የዳሪንንም ገጽ ያውጡት» አልኩ።

እጃቸውን ጠረጉ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን ገጹን አንስተው ያያሉ።

«ፀጉሩ ቀይ ነበር እንዴ?»

«ቀይ ነበር።»

«ታቅፈሽዋል?»

«አዎ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የኔዋ ሴት ነበረች» አሉ። «ከልጆቼ ሁሉ በፊት። ስወልድ በመርፌ አስተኝተውኝ ነበር። ስነቃ ቀብረዋት ጨርሰዋል። ባታዪያት ይሻልሻል አሉኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገጹን እንደ ልጅ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ይገባል» አሉ። «እንዳለ።» ቀጥለውም፣ «ለሷስ ገጽ ይሠራላታል? ፎቶ የለኝም።»

«ይሠራላታል። ስሟን ይንገሩኝ።»

«ስም አላወጣንላትም። እኔ ግን በልቤ ኤልቫ እላታለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባሌም።»

ላፕቶፑን ከፍቼ ባዶ ነጭ ገጽ አወጣሁና ወደሳቸው ገፋሁት። በአንድ ጣታቸው ፊደሎቹን እየፈለጉ ጻፉት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደኋላ ለጠጥ አሉና ስሟን አዩት።

«ፊደሉን አተልቂው» አሉኝ። «ከሩቅ ይነበብ።»