ከሰዓቱ ውጪ የጮኸው ስልክ

የግድቡን በሮች የሚጠብቀው ሰውዬ በከተማው የሚታወቀው ጋሽ ሴንቲ በሚል ስም ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደች ዕለት አዋላጇን የጠየቃት ወንድ ነው ሴት ብሎ ሳይሆን ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ነው ይባላል። እሱ ወሬውን አያስተባብልም፤ አርባ ዘጠኝ ነበር ብሎ ያሟላዋል እንጂ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነበር። ጠዋት በሁለት፣ ቀን በስድስት፣ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስልክ ይጮሃል። ከማዕከል የምትደውል አንዲት ሴት በላይኛው ጣቢያ የተለካውን የወንዙን ከፍታ ታነብለታለች፤ እሱም መልሶ ያነብላታል። ከዚያ የትኛው በር ምን ያህል እንደሚከፈት ትነግረዋለች፤ ይህንንም መልሶ ያነባል። ተመልሶ ያልተነበበ ቁጥር መዝገብ አይገባም፤ ከሰዓቱ ውጪ የመጣም እንዲሁ። ሴትዮዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ጉንፋን የያዛት ዕለት ግን ገና ሁለተኛ ቃሏ ላይ ያውቅባታል።

ሰሜኑ ራሱን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲብላላ ከርሞ በዚያ የዝናብ ወር ገነፈለ። የሰሜኑ ምክር ቤት ግድቡ ከእንግዲህ የሚታዘዘው ከሰሜን ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ሊቀመንበሩ የጋሽ ሴንቲ ታናሽ ወንድም ነበር። ሰኞ ጠዋት ከሁለት ጠባቂዎች ጋር መጣና ስልኩ ያለበትን የግድግዳ ሣጥን በሽቦ አስጠፍሮ በሰም አሳተመ። ቀጥሎም በጽሑፍ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሰጠ፤ ሐይቁ እስኪሞላ ሦስቱም በሮች ይዘጉ።

ጋሽ ሴንቲ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበው። በነገሩ አልተቃወመም። እርሻው በጥም ሲሰነጣጠቅ በማዕከል ትእዛዝ ስንት ጊዜ ውሃ እንዳፈሰሰ መዝገቡ ይመሰክራል፤ የምክር ቤቱ አቤቱታ ላይም ፈርሟል። የከነከነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የላይኛው ጣቢያ ንባብስ ከየት ይመጣል?»

«ጋሼ፣ ውሃው ከየትም ይምጣ» አለ ወንድሙ። «በሩ የእኛ ነው።»

ላይኛው ጣቢያ ያለው ከወሰኑ ማዶ ነው። ምክር ቤቱ የራሱን ለኪ ቢልክም ሰውዬው ከኬላው ተመለሰ። ማዕከልም እልህ ተጋባና ማክሰኞ ዕለት የግዛቱን የሞባይል መስመር በሙሉ ዘጋው። የታሸገው ስልክ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ከሣጥኑ ውስጥ ይጮህ ነበር፤ በሁለት፣ በስድስት፣ በአሥር። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ጊዜ ጮሆ ዝም ይላል። ጋሽ ሴንቲ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይቀመጣል፤ ግን ይቆጥራል።

ረቡዕ ዕለት ሊቀመንበሩ የከተማውን ሽማግሌዎች ይዞ በሞላው ሐይቅ ዳር ፎቶ ሊነሣ መጣ። ጋሽ ሴንቲ ወደ ጎን ጠራውና በዚህ ወቅት ለድንገተኛ ጎርፍ ሦስት ሜትር ባዶ ቦታ እንደሚተው፣ አሁን የቀረው ግን ከሁለት ሜትር በታች መሆኑን ነገረው።

«ሦስት ሜትሩን የምታስቀምጠው ለማን ነው? ለእነሱ?»

«ለውሃው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው፣ ሰውዬው ውሃን እንደ እንግዳ ወንበር ሊያቀርብለት ነው አለና እንደገና ተሳሳቁ። ጋሽ ሴንቲም ፈገግ አለ፤ በሆዱ ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት እያሰበ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሐይቁ ቀለሙን ለውጦ አደረ። ከነሥራቸው የተነቀሉ ዛፎች እየተንሳፈፉ መጥተው የግድቡን ግንብ ይገፉ ጀመር። በሰዓት ሁለት ሴንቲ ይጨምር የነበረው ውሃ ዘጠኝ ጨመረ። ልክ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ ጮኸ።

የበሮቹን ሞተር የምትጠግነው ቴክኒሻን ከሥራዋ ቀና አለች። ስልኩ በዚህ ሰዓት ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። አሥራ ሁለት አለፈ፤ ሃያ አለፈ።

«ጋሼ፣ ያንሱት እንጂ።»

ጋሽ ሴንቲ ሰዓቱን አየ። እጁን የያዘው ሰሙ አልነበረም፤ የገዛ ደንቡ ነው። ከሰዓቱ ውጪ የመጣ ቁጥር ንባብ አይደለም። ደግሞስ እሽጉን ቢሰብር ወንድሙን በአደባባይ ካደው አይባልም? እናም አንድ ትክክለኛ የመሰለው ሐሳብ መጣለት። ወንድሙን ያስጠራል፤ በስድስት ሰዓት፣ በመደበኛው ንባብ፣ እሱ ባለበት እሽጉ ይሰበራል። ይህንኑ ለቴክኒሻኗ ነግሯት ሲጨርስ ስልኩ አርባ አንድ ጊዜ ጮሆ አበቃ።

ሊቀመንበሩ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ደረሰ። ከበሩ ማዶ ያለውን ውሃ አይቶ እሽጉ አይሰበርም ብሎ አልተከራከረም። ሦስቱ ከሣጥኑ ፊት ቆሙ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ጋሽ ሴንቲ ሰሙን በቢላ ሰነጠቀና ስልኩን አነሣ። ድምፅ የለም፤ የመስመሩ ጢዝታ እንኳን የለም።

ቀስ ብሎ መልሶ ሰቀለው። የስልኩ ሽቦ ከማዕከል ተነሥቶ በላይኛው ጣቢያ አልፎ እስከ ግድቡ የሚመጣው የወንዙን ዳር ይዞ ነው። ምሰሶዎቹ የቆሙት ከተለመደው ውሃ ስድስት ሜትር ከፍ ብለው ነው፤ ራሱ ለክቷቸዋል።

«ምሰሶዎቹን ወስዷቸዋል» አለ።

«ስንት ሰዓት አለን?»

«ከጣቢያው እዚህ ለመድረስ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ስትደውል ገና መነሣቱ ከነበረ ሁለት ሰዓት ከሩብ አለን። ቀድሞ ተነሥቶ ከነበረ አላውቅም።»

«ምን ያህል ነው የሚመጣው?»

«ቁጥሩ ያለው እሷ ጋ ነበር።»

ወንድሙ በመስኮቱ ወደ ታች አየ። ድልድዩም፣ ገበያውም፣ ሚስቱና ልጆቹ ያሉበት ቤትም ከግድቡ ሥር ናቸው። በሮቹ ተከፍተው ለማለቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋሉ። ጋሽ ሴንቲ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ለቴክኒሻኗ ሦስቱንም ክፈቻቸው አላትና ወንድሙን ትከሻውን ያዘው።

«ውረድ። ሕዝቡን ወደ ጉብታው አውጣ። ንግግር አታብዛ።»

በሮቹ እያቃሰቱ ተነሡ። ውሃው ነጭ አረፋ ደፍቆ ሲወርድ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ሴንቲ የመለኪያውን እንጨት እያየ ቆመ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። በሮቹ እየሰፉ፣ ውሃውም እንጨቱ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

መነጽሩን አንሥቶ ወደ ታች ተመለከተ። ድልድዩ በሰው ተሞልቷል። በሮቹ ሲከፈቱ ያየ ሁሉ ከቤቱና ከገበያው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሜን ትእዛዝ ሲከፈት ለማየት ነው። ወንድሙ ከመካከላቸው መኪና ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ወደ ጉብታው እያወናጨፈ ይጮሃል። በውሃው ድምፅ ውስጥ ቃሉ ለማንም እንደማይሰማ ጋሽ ሴንቲ ከዚያ ላይ ሆኖ ያውቃል።

ሕዝቡ ሊቀመንበሩን ከበበው፤ እጁን ባነሣ ቁጥርም ያጨበጭብለት ነበር።