ለፍራሽ ፋብሪካ አመልካለሁ

ቴዎ የሚባለው ልጅ ራሱ አንድ ቀን ተቀጥሮ አያውቅም። እሱ ነው እንግዲህ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከአንድ የስፖርት ውርርድ ቤት በላይ ክፍል ተከራይቶ፣ ሰው እንዴት እንደሚቀጠር የሚያስተምረው። ጠባብ ሱሪ፣ ሹል ጫማ፣ ያለ ምክንያት የሚገለጥ ጥርስ። "በራስ መተማመን!" እያለ ያስጮሃቸዋል። ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ልጆች ተደርድረው እርስ በርስ ሲጨባበጡና ሲሳሳቁ ይውላሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ድክመታችሁን ስትጠየቁ "ሥራዬን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም" በሉ ይላቸዋል። አንድ ቀን የጎረቤቴን ልጅ ልጠራ ወጥቼ ክፍሉ ሙሉ ሰው ባንድ አፍ እንቅልፍ አይወስደኝም ሲል ሰማሁ። ወይ ጉድ! ግማሹ እኮ ረፋድ ላይ ተቀስቅሶ የመጣ ነው።

እኔ ብርነሽ እባላለሁ፤ ለቡ መብራት ኃይል ያለ የፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የሥራ ማመልከቻ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። "ታታሪ፣ ታማኝ፣ የሥራ ጫና የምቋቋም" የማይል አንድ ማመልከቻ እስኪ አሳዩኝ! ጫና ምን እንደሆነ እኔን ይጠይቁኝ፤ የምሠራው ለመኩሪያ ነው።

መኩሪያ የፋብሪካው ባለቤት ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንም። እንደምን አደሩ ሲሉት የሚመልሰው ደስ ሲለው ብቻ ነው። ልደቱን የሚያከብረው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ማሽን አቁመን እንድናጨበጭብ ይደረጋል። አንዴ ያላጨበጨበ ሹፌር ነበረን። ነበረን ነው ያልኩት።

ያቺ ልጠራት የወጣሁት የጎረቤቴ ልጅ ዝማሬ ትባላለች። ሀና ማርያም አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ እሷ አክስቷ ጋ ናት። አባቷ ወንጌላዊ ወጋየሁ የሚኖረው ሆሳዕና ከተማ ነው። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፣ ያላንኳኳችው በር የለም። በቀደም አባቷ ደወለና "እስከ ፋሲካ ካልተቀጠርሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ነይ፤ የአጎትሽ ሱቅ ሰው ይፈልጋል" አላት። ያን ቀን ከልብስ ማስጫው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘኋት። "እትዬ ብርነሽ፣ እዚያ ከገባሁ በቃ አልወጣም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ፋብሪካችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲፈልግ መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው። ማመልከቻውን እኔ ልጻፍልሽ ብላት፣ "አይቸገሩ እትዬ፣ ቴዎ የተዘጋጀ አለው፤ ስም ሞልቶ መፈረም ብቻ ነው" አትለኝም? የተዘጋጀ! እንደ በርበሬ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ! እኔ ስንት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ሴትዮ ለቴዎ ተሸነፍኩ ማለት ነው። እሺ ብያት ገባሁ፣ ግን ከንክኖኛል።

ማመልከቻዎቹ መጡ። የቴዎ ተማሪዎች ወረቀት ከሩቅ ያስታውቃል፣ አናቱ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። የመጀመሪያውን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። "ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት ለመቀጠር በታላቅ ትህትና አመልካለሁ።" ቆይ፣ ቆይ። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት። አመለክታለሁ አይደለም፤ አመልካለሁ ነው የሚለው። ማመልከት ሌላ፣ ማምለክ ሌላ! ሁለተኛውን አነሳሁ፤ አመልካለሁ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ያ ደንቆሮ ቃሉን አሳስቶ ጽፎ፣ ያን ሁሉ ምሩቅ የፍራሽ አምላኪ አድርጎት አረፈ። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ያነበበ የለም! የዝማሬም አለበት፣ ከሥሩ ፊርማዋ አምሮ ተቀምጧል። የወንጌላዊ ልጅ ለስፖንጅ! እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ቶሎ መጥታ እንድትቀይረው ልደውልላት ስልኬን ሳነሳ መኩሪያ ገባ። "ምን ያስቅሻል?" ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ።

"ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው" አለ። "እነዚህን ብቻ ጥሪልኝ።"

ሌሎቹን፣ አማርኛውን አስተካክለው የጻፉትን ምስኪኖች፣ ገልጦ ሳያያቸው ወደ ጎን ገፋቸው። እኔም ስልኬን መልሼ አስቀመጥኩ። ስህተቱ እንጀራ ከሆነላት ምን አገባኝ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ብርነሽ አልኩ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ቃለ ጉባኤ ልይዝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የገባው አዶኒያስ የሚባል የቴዎ ተማሪ ነው፣ ክራባቱ ሊያንቀው ደርሷል። ድክመቱን ተጠየቀ። እንቅልፍ አይወስደውም። መኩሪያ ማመልከቻውን ከፍ አድርጎ፣ "አመልካለሁ ብለሃል። የምርህን ነው?" አለው። ልጁ ትንሽ ግራ ተጋባ። ቴዎ ግን ለማንኛውም ጥያቄ በፈገግታ አዎ በሉ ብሏቸዋል።

"በሚገባ!" አለ።

መኩሪያ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሳቀ። እኔም "በሚገባ" ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ዝማሬ የአክስቷን ኮት ለብሳ ገባች። ስለ ፋይል አያያዝ ሲጠይቃት አንድ በአንድ አስረዳችው። የማታውቀውን አላውቅም አለች። መኩሪያ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። አገኘችው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ማመልከቻዋን ወደ እሷ ገፋ አደረገና "እስኪ እዚህ ጋ አንብቢልኝ" አላት።

"ለመቀጠር በታላቅ ትህትና አመ..." ብላ ቆመች። ፊቷ ፍም መሰለ።

"ጨርሺው እንጂ!"

"ስህተት ነው፣ አቶ መኩሪያ። አመለክታለሁ ለማለት ነው።"

"ፊርማው የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ሳታነቢ ነው እንዴ የምትፈርሚው? መዝገብ ቤት ልትገቢ!"

ይሄን እንኳ እውነቱን ነው፣ ምን ትበል? "ሳላነብ ነው የፈረምኩት፤ ጥፋቴ ነው" አለች። እንቅልፍ ምናምን አላለችም።

መኩሪያ ለስለስ አለ። "ግድ የለም። እኔ አልተቀየምኩም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ብቻ አዎ በይኝና ሰኞ ሥራ ጀምሪ።"

"አዎ ምን?"

"የጻፍሽውን ነዋ!"

እየቀለደ ነው እንዳትሉ፤ መኩሪያ በቀልድ ያስባለውን በምር ነው የሚያስከፍለው። እኔ ከጥግ ሆኜ በዓይኔ በይው፣ በይውና ገላግይን እላታለሁ። ዝማሬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አንስታ ቃሉን ሰረዘችው። ከላዩ "አመለክታለሁ" ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ወደ እሱ መለሰች።

"እኔ የማመልከው አንድ ነው" አለች። "ሥራውን ግን በጣም እፈልገዋለሁ።"

መኩሪያ ወረቀቱን ዞር ብሎ አላየውም። "የሚቀጥለውን አስገቢ" አለኝ።

ሁሉም ገብተው ሲያልቁ ሮጬ ወጣሁ። ዝማሬ የፋብሪካው በር ላይ ቆማ ነበር። ንድድ ብሎኛል፣ በመኩሪያም በእሷም። "አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? አዎ ብለሽ ብትወጪ ምን ትሆኛለሽ? በልብሽ ሌላ ብትዪ ማን ያይሻል?" ብዬ ጮኽኩባት። ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ። አባቷ ነው። ስልኳ ተበላሽቶ በላውድ ካልሆነ አያሰማም፣ ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። አሁን ይመርቃታል አልኩ። ሰውየው በየጉባኤው እየዞረ የሚሰብክ ነው፣ ልጁ ለአምላኩ ስም ስትቆም ሌላ ምን ሊላት ነው?

ወንጌላዊው "ምናለ ዝማሬ፣ አዎ ብለሽ ብትወጪ? በልብሽ ሌላ ብትዪ ማን ያይሻል?" አላት።

የእኔኑ ቃል። ከሆሳዕና ድረስ።

ዝማሬ ስልኩን ከፊቷ አራቅ አድርጋ አየችው። "እግዚአብሔር ያይሻል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ እኮ፣ አባዬ" አለች። "ወደ ሆሳዕና አልመጣም።" ዘጋችው።

የሀና ማርያም ታክሲ መጣ። እኔን ቀና ብላ ሳታየኝ ገባች። እኔም ለአዶኒያስ የቅጥር ደብዳቤ ልጽፍ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።