የግንቦት ልደታ ሣር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። ከዳባት በላይ ባለው አገራችን ለእርሻ በሬዎች የምናቆየው ሣር ነበረን። ከጥር ጀምሮ ከብት አይገባበትም፤ ያስገባ ይቀጣል። የሚከፈተው ለግንቦት ልደታ ነው። በበጋው የከሳ በሬ እሱን ግጦ ነው ለቀንበር የሚቆመው።

በሚያዝያ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል መምህር ከጎንደር ተማሪዎቹን በማኪና ጭኖ መጣ። አፈርና ውሃ ሊያጠኑ ነው አሉ። የለመለመውን ሣራችንን ሲያዩ፣ የሰው እጅ ያልነካው መሬት አገኘን ብለው ተደሰቱ። የወረዳውን ሹም አስፈቅደው ዙሪያውን በሽቦ አጠሩት። የሰው እጅ ያልነካው! የገዛ ጥጃችን ሲጮህ እየሰማን ያቆየነውን!

ልደታ ደረሰ። ጎረቤቴ ይመኙሽ ባሏ የሞተባት፣ አንድ በሬ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ከእኔው በሬ ጋር አቀናጅተን ነበር የምናርስ። በዚያ ሰሞን በሬዋ ጅራቱን ይዘው ካላነሡት አይቆምም። ካላረሰች ደግሞ ልጆቿ ምን ይበላሉ?

ሄዳ መምህሩን ለመነችው። ጥናቱ ይበላሻል፣ ሌላ ቦታ አስግጪ አላት። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ቋጠረችና፣ «በጃንሆይ አምላክ» አለችው።

ያኔ በንጉሥ ስም ቋጥሮ ከያዘህ ሰው ዳኛ ሳይፈርድ መለየት አይቻልም። ኮቱን ጥሎ ቢሄድም ኮበለለ ይባላል። መምህሩም ይህን ያውቃል።

«መምህር፣ ሚዜ እንፈልግ?» አለ አንዱ ተማሪ። ሌሎቹ ሳቁ።

እንደተቋጠሩ አጥቢያ ዳኛው አያ አላምረው ዘንድ ሄዱ። እሱ ሹሙን ፈርቶ ለሐምሌ ቀጠራቸው።

«ሐምሌ የምቀርበው በሬዬን ይዤ ነው ወይስ ቆዳውን?» አለችው።

ቋጠሮውን ፍቺ ቢላት፣ ፍርድ የታለና ብላ ከደጁ ቁጭ አለች። መምህሩም አብሯት ቁጭ አለ፤ ምን ያድርግ። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እየቆመ አያቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መምህሩ ተነሣ፤ እንደተቋጠረ እሷን አስከትሎ ሄዶም ሽቦውን በገዛ እጁ ፈታው። ይመኙሽ በሬዋ አፉን ሣሩ ውስጥ እስኪከት ድረስ አልለቀቀችውም። ይቅርታ ግን አላለንም። በማግስቱ ማኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ ደግሞ የማንን ሣር እንዳጠረ እግዜር ይወቅ።

ያን ክረምት አረስን። ልጆቼ፣ ከእናንተም መካከል ተምሮ መሬት ሊያጠና የሚወጣ አይጠፋም። ያን ጊዜ ይመኙሽን አስቧት፤ አደራ።