ቀስ ማለት የማትወድ መኪና

መኪናዋን ያመጣት ሰውዬ ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር የፈራ ይመስል፣ ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም የማያንስ ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና በራችን ላይ ቆማለች፤ የኔ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን ነገር በጉልምስናዬ ሳገኘው ምን እንደማደርገው ጠፋኝና ኮፈኗን በእጅጌዬ ወለወልኩት።

ከላይኛው ፎቅ መስኮት ጎረቤታችን አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የቀረው ግማሿ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቺው ናት። ሙሉ ናት።»

«እንግዲህ አይዞህ» አሉና መስኮታቸውን ዘጉ።

ባለቤቴ ደጃፉ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እሷ ስትናደድ አትጮህም፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። «ስማኝ» አለች። «እሑድ እትዬ ቤት ምሳ ተጠርተናል። በዚችው ይዘኸኝ ትሄዳለህ። መንገድ ላይ ሳታሳፍረኝ ካደረስከኝ ትቆያለች። ካሳፈርከኝ ሰኞ ትሸጣለች። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። ምን ቆርጦኝ አልስማማም! ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ መሪ ከጨበጠው ሰው ግማሹ በኔ እጅ ያለፈ ነው። ተማሪዎቼ «ፍሬን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ ቃሉ ከአፌ ስለማይጠፋ። ታዲያ የገዛ ሚስቴን እህቷ ቤት ማድረስ ያቅተኛል?

ባለቤቴን ያስጨነቃት የእህቷ ባል ነው። ሰውዬው ኮንትራክተር ነው። መኪናው መለስተኛ መጋዘን ታህላለች፤ ለመውጣት መሰላል ብቻ ነው የሚቀራት። ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ፍሬን፣ ዛሬም በእግርህ ነው የመጣኸው?» ይለኛል፤ የትምህርት ቤታችንን መኪና ለግል ጉዳይ መውሰድ እንደማይፈቀድልኝ እያወቀ። ከዚያ ይስቃል። ባለቤቴ ያን ሳቅ አትወደውም፤ እኔም አልወደውም።

በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ልነዳት ወጣሁ። በሩን ከፍቼ ጎንበስ አልኩ፤ አልበቃም፤ እንደገና ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቀበቶዬን አሰርኩ። የአሮጌ ቆዳና የቤንዚን ሽታዋን ወደ ውስጥ ሳብኩና፣ «መስታወትህን አስተካክል» አልኩ። ማንም አላስተካከለም። ቀና ብዬ ሳይ ከፊቴ መሪ የለም። ስንት ዘመን እንደለመድኩት በቀኝ በኩል፣ በአስተማሪው ወንበር ላይ ጉብ ብያለሁ።

«ሹፌሩ ቀረብህ እንዴ?» አሉ አሮጊቷ ከላይ። እኚህ ሴትዮ መቼ እንደሚተኙ አላውቅም።

ወርጄ በትክክለኛው በር ልግባ ብል ሌላ ጣጣ መጣ። ለካ ከዚህች መኪና መውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ኖሯል። መጀመሪያ አንድ እግር ይወጣል። ቀጥሎ እጅ አስፋልቱን ይይዛል። ከዚያ የተቀረው ሰውነት መምጣቱንና አለመምጣቱን ተነጋግሮ ይወስናል። እኔ የወጣሁት ድኼ ነው፤ ተነስቼም ሱሪዬን እያራገፍኩ የወደቀብኝን ነገር የምፈልግ መሰልኩ።

በሹፌሩ ወንበር ስቀመጥ ዓለም ሌላ ሆነች። ከዚያ ታች የሰው ፊት አይታይም፤ ጉልበት ነው የሚታየው። አውቶቡስ አጠገቤ ሲቆም የማየው የጎማውን ብሎን ነው። ጥሩምባዋን ስጫን የዝናብ መጥረጊያዋ ይነሳል። የነዳጅ መለኪያዋ ሁልጊዜ ሙሉ ነኝ ይላል፤ ባዶዋን ቆማ እንኳን ሙሉ ነኝ ትላለች። መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «አጎቴ እንደዚህ ዓይነት ነበረችው» ይለኛል። «ታዲያ የት ደረሰች?» ስል በሐዘኔታ ያየኛል። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ልዋሽ አልችልም። በሱቅ መስታወት ውስጥ ራሴን ባየሁ ቁጥር አገጬ በራሱ ጊዜ ቀና ይላል።

ችግሩ ታማሚ ናት። ትንሽ እንደሄድን ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሞተሯ ይግልና ቀጥ ትላለች። እኔ ደግሞ እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት። ከአርባ አላልፍም፤ በሕይወቴም አልፌ አላውቅም። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ሙሉ በሙሉ ቆሜ፣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ እንደገና ግራውን አይቼ ነው የምነሳው። እንዲህ ተይዛ የምትታመም መኪና ምን ዓይነት መኪና ናት?

መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ሊሞክራት ይዟት ወጣና አቧራ አስነስቶ ተሰወረ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «ምንም የላትም» አለኝ። ከጋራዡ ወጥቼ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ቀጥ አለች። ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ፤ እሱም አቧራ አስነስቶ ሄደ፣ እሱም እየሳቀ ተመለሰ፣ እሱም ምንም የላትም አለ። በኔ እጅ ብቻ ነው የምትታመመው። እውነቱን ለመናገር ቅናት ያዘኝ።

እሑድ ደረሰ። ባለቤቴ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ለእህቷ የገዛችውን ኬክ በካርቶኑ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከተማውን እንደምንም አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር ሥራዬን በጥንቃቄ ያዝኩ። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው በእግረኛው መንገድ አለፈን። ቀጥሎ ከኋላችን አንዲት ጣሪያዋ ላይ ምልክት የተተከለባት ነጭ መኪና መጣች። የትምህርት ቤታችን መኪና! ባልደረባዬ ከተማሪዋ ጎን ተቀምጧል፤ ተማሪዋ መንዳት ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው። ፍሬቻ አሳይታ፣ በሥነ ሥርዓት ቀድማን፣ እጇን አውለበለበችልኝ።

«ሁለቱም እጅሽ መሪው ላይ!» ብዬ ጮህኩባት። ባለቤቴ ኬኩን አየች።

እዚያው ዳገቱ ወገብ ላይ መኪናዋ አሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከኮፈኗ ሥር ጭስ ቡልቅ አደረገችና ሞተች። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። እኔም ጥሩምባ ልመልስ ብዬ ተጫንኩ፤ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው ይወዛወዝ ጀመር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ የሚል ነገር ብቻ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው።

ገፍተን ከመንገዱ ጠርዝ አስያዝናት። ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ ካርቶኑን አቀበለችኝና፣ ረጋ ብላ፣ «በዚያኛው በር ግባ» አለች።

«ምን?»

«በዚያኛው ግባ። እኔ ልንዳ።»

«አንቺ? መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ?»

ቦርሳዋን ከፍታ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ፎቶው የሷ ነው። ስሙ የሷ ነው። የወጣበት ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በተጋባን ሰሞን እኔው ላስተምራት ሞክሬ፣ በሦስተኛው ቀን መሐል መንገድ ላይ ጥላኝ ወርዳ በታክሲ ቤቷ ገብታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መንዳት አንስተን አናውቅም።

«የት ነው የተማርሽው?»

«ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት።»

«ተፎካካሪያችን ጋ? እነዚያ እኮ ፓርኪንግ እንኳን በቅጡ አያስተምሩም!»

«አስተማሪው አይጮህም» አለች። «በእትዬ መኪና ስለማመድ ነው የኖርኩት። ብነግርህ ቁጭ አድርገህ ትፈትነኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እውነቷን ነው፤ እፈትናት ነበር። ኬኩን ታቅፌ በቀኝ በኩል ገባሁ።

ሞተሩን አስነሳች፣ ማርሽ አስገባች፣ ቤንዚን ሰጠች። መኪናዋ ከኔ ጋር አውጥታው የማታውቀውን ድምፅ አወጣች። ሳል የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ፤ ዳገቱን ሽቅብ ተወረወረች። ቀኝ እግሬ በልማድ የአስተማሪውን ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ረገጠ። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩ።

«ፍሬን!» አልኩ።

«ወለሉን ትበሳዋለህ» አለች ዞር ሳትል።

ነጯን የትምህርት ቤት መኪና አልፈናት ሄድን። ያኔ ገባኝ፤ መኪናዋ ኖሮባት የማያውቀውን በሽታ ሳስታምም ነው የሰነበትኩት። ቀስ ማለት አትወድም፤ ሌላ ምንም የለባትም። ይህን እያሰብኩ ባለቤቴን አየኋት። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ከንፈሯን ነክሳለች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር።

የእህቷ ቤት በር ላይ፣ ከኮንትራክተሩ መጋዘን አከል መኪና አጠገብ አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። እጇ ከመሪው አልተነሳም።

«እሺ፣ ንገረኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ስህተቴን። ለሰው ሁሉ ትነግር የለ?» ድምፅዋ ያን ጊዜ ረጋ አላለም።

አፌን ከፈትኩ። የሰው ስህተት መልቀም እንጀራዬ ነው፤ አሁን ግን ብፈልግ ብፈልግ አንድም አጣሁ። ፍሬቻ አሳይታ ይሁን ሳታሳይ አላውቅም። ማርሹን መቼ እንደቀየረች አላውቅም።

«መንገዱን አላየሁትም» አልኳት። «አንቺን ሳይ ነበር።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

ኮንትራክተሩ ከግቢው ሲወጣ እሷ ከሹፌሩ በር ወርዳለች፤ እኔ በወዲያኛው በር አንድ ጉልበቴ መሬት ላይ ሆኖ ኬኩን ከራሴ በላይ ይዣለሁ።

«ፍሬን! ምነው፣ አመመህ እንዴ? ሚስትህ ናት ያመጣችህ?»

ወገቤን ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወገቤን ቢባል ሁሉም ያምናል። ባለቤቴን አየኋት፤ መልሴን እየጠበቀች ነው።

«ደህና ነኝ» አልኩት። «ዳገቱ ላይ እኔ ገተርኳት፣ እሷ ይዛን ወጣች። ከኔ የበለጠች ሹፌር ናት።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንደፈለገ ይሳቅ አልኩ በልቤ። ባለቤቴ ግን ክንዴን ይዛ አነሳችኝ፤ ሱሪዬንም አራገፈችልኝ።

ሰውዬው ወደ ውስጥ ሲቀድመን ጠጋ አልኳት። «በቃሌ አለሁ» አልኩ። «አላደረስኩሽም፤ መሐል መንገድም አሳፍሬሻለሁ። ነገ ሰኞ ነው፤ እሸጣታለሁ።»

ባለቤቴ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች።

«የማንን መኪና ነው የምትሸጠው?» አለችኝ።